በሙሽራ መኪና ኮፈን ውስጥ

ሰኞ

ቋ! አለ። ከዚያ ብረት ሲጣመም ተሰማ፤ ከዚያ የኋላው መስታወት ከጠርዙ ተሰነጠቀ። የመኪናዋ ባለቤት አቶ ደሳለኝ ግን ጣታቸውን ከጣሪያው መክፈቻ ቁልፍ ላይ አላነሡም። ሞተሩ ጣሪያውን ይገፋል፣ ጣሪያው የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ነገር ይገፋል፣ እኛ አፋችንን ከፍተን እናያለን። «ይልቀቁት! ጣትዎን ያንሡ!» ብዬ ስጮህ ነው የነቁት።

ሞተሩ ቆመ። አለቃዬ ጋሽ አስራት ወደ ኮፈኑ ጎንበስ ብለው እንኳ ሳያዩ፣

«ፍሬ ናት የለካችው» አሉ።

በቃ። በሦስት ቃል ጨረሱኝ። አቶ ደሳለኝ ዞረው አዩኝ። ጎረቤት ያለው ጎማ ጠጋኝ ሥራውን ትቶ አየኝ። አብሮኝ የሚሠራው ሱራፌል ስልኩን አየ።

መልስ አልሰጠሁም። ራሴን የታዘብኩት በዚህ ነው። በተናጋሪነት የምታወቀው እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ቆምኩ። መጀመሪያ ንዴት መሰለኝ። ቤት ገብቼ ፊቴን ስታጠብ ነው የገባኝ፤ የሰዎቹ ነገር አቅለሽልሾኝ ነው።

ሥራው የኔ ነበር። አቶ ደሳለኝ የብርድ ልብስ ነጋዴ ናቸው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ነጭ መኪና ከአዲስ አበባ ገዝተው ያመጡት ለሙሽራ ሊያከራዩዋት ነው። ሙዚቃው ደረት የሚመታ እንዲሆን ፈለጉ፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ ውፈሩ፣ ግን በፎቶም በቪዲዮም እንዳይታይ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ምግብ መብላት እረሳለሁ። በዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬ፣ ጋሽ አስራት ሱቅ ውስጥ የመኪና ቴፕ ስገጥም የቆየሁት እንዲህ ያለ ሥራ ስጠብቅ ነበር።

ጣሪያዋ ጨርቅ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት ታጥፎ ከኋላ ወንበር ጀርባ ወደ ኮፈኑ ይወርዳል። ስለዚህ ኮፈኑ ባዶ ቢመስልም የላይኛው ግማሹ የጣሪያው ነው። እኔ ጣሪያውን ከፍቼ፣ ዘግቼ፣ እንደገና ከፍቼ ነው የለካሁት። ቀጭን ውፈር መርጬ፣ የእስኮርታው፣ የመጠባበቂያው ጎማ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ልክ ሳጥን ሠርቼ ቀበርኩት። ክዳኑን ከወለሉ ጋር እኩል አደረግኩት። ላዩን የመኪናዋን ሞኬት የሚመስል ሞኬት አለበስኩት።

ዓርብ ዕለት አቶ ደሳለኝ ኮፈኑን ከፍተው አዩ፣ አዩና «የታለ?» አሉ። እንደዚያ ያለ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ አስራት የሱራፌልን ትከሻ መታ መታ እያደረጉ «የኛ ልጅ ሥራ እኮ ነው!» አሉ። ሱራፌል የሚስታቸው ወንድም ነው። እዚያ መኪና ላይ አንድ ብሎን አላጠበቀም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ለአጎቴ ተዝካር አንኮበር ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ ቋ!

ልኬቴ ልክ ነበር። ነገ ከፍቼ አያለሁ።

ማክሰኞ

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። መኪናዋ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል። ጣሪያዋ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ ክንፏ የተሰበረ ዶሮ መስላለች። ኮፈኑን ከፈትኩ። ወለሉን በእጄ ዳበስኩ።

ወለሉ ከፍ ብሏል። አንድ ስንዝር ያህል። ሞኬቱ ያው ስለሆነ በዓይን አያስታውቅም።

ሞኬቱን ገፈፍኩት። ከሥሩ ያለው የኔ ውፈር አይደለም። ድስት የሚያህል ነው። ጉድጓዱ አልበቃ ሲለው ጣውላ ደርድረው፣ ሳጥኑን አንሥተው፣ ከላይ ክዳን ገጥመው፣ ሞኬቱን መልሰው ለጥፈውታል። ማጣበቂያው እንኳ በደንብ አልደረቀም። ድብቅ ነው፤ እሱን አልክድም።

ሱራፌል እያፏጨ ገባ።

«ይኼን ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኛ! ሰውዬው ቅዳሜ መጥተው ትንሽ ይጨመርበት አሉ፤ ጨመርኩበት።»

«ጣሪያውን ከፍተህ አይተሃል?»

«አንቺ ደግሞ! በደብረ ብርሃን ብርድ ጣሪያ የሚከፍት ማን አለ?»

ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። የሙሽራ መኪና ናት፣ ጣሪያዋ ካልተከፈተ ለምን ተገዛች ስለው ትከሻውን ሰበቀ። የሚያናድደው፣ ከተማው ሁሉ እንደሱ ማሰቡ ነው። እኛ አገር ሰው መስኮት የሚከፍተው ለመትፋት ብቻ ነው።

ሞኬቱን ይዤ ጋሽ አስራት ጋ ገባሁ። ላስረዳቸው ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሱራፌል እንደሆነ። ትናንትም አውቅ ነበር።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ ቀስ ብለው፣ ልጃቸውን እንደሚመክሩ ሆነው።

«ስሚኝ ፍሬ። ሱራፌል ነገ ይኼን ሱቅ የሚረከብ ልጅ ነው። ስሙ ከተበላሸ ደንበኛ ይሸሻል። ያንቺ ግን… ሴት ልጅ ተሳሳተች ቢባል ሰው ስቆ ያልፈዋል። ትምህርትም አለሽ። ሐሙስ ሽምግልና እንቀመጣለን። ተነሥተሽ አጥፍቻለሁ ትያለሽ፣ ጉልበት ትስሚያለሽ፣ ያልቃል።»

ሴት ልጅ ተሳሳተች ቢባል ሰው ስቆ ያልፈዋል። እንዳይረሳኝ ደግሜ ጻፍኩት።

ከዛሬ ጀምሮ ስለሳቸው ስጽፍ «አሉ» ማለቱን ትቼ «አለ» ልል ነበር። ሞከርኩት። እጄ እምቢ አለኝ። አስተዳደጌም አስጠላኝ።

ረቡዕ

ያስጠሉኝ ነገሮች፦ የሱራፌል ፉጨት። የማጣበቂያው ሽታ፣ ከእጄ አልለቅ ብሎ። ጎማ ጠጋኙ «እህት፣ አይዞሽ፣ ልኬት የማይስት የለም» ማለቱ። ጋሽ አስራት ሻይ አዘው በራሳቸው እጅ ስኳር ሊጨምሩልኝ መነሣታቸው።

ሻዩ ለካ ያለ ነገር አልነበረም። አባባ ጋ ደውለዋል። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ከጋሽ አስራት ጋር የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው፤ ሥራውንም ያገኘሁት በዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ አባባ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አቧራ ለብሰው፣ ከአንኮበር ሚኒባስ ወረዱ። ገና ሰላም ሳልላቸው፣

«ሰው አስቀይመሻል አሉ።»

«ማን አለ?»

«አስራት ነዋ። የሰው መኪና ሰብራ አልሰበርኩም ትላለች አለኝ።»

እቤት ወስጄ አስቀመጥኳቸው። የረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮ ሠራሁ። እየበሉ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ጣውላውን፣ «አውቃለሁ» ያሉትን። ስለ ውፈር የገባቸው አይመስለኝም። «አውቃለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ጉርሻቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ቆመና ተመልሶ ወደ አፋቸው ሄደ።

«ይሁን» አሉ። «ይቅርታ ቃል ናት። ምን ትጎዳሻለች? ሽማግሌ ባለበት ታናሽ ዝቅ ሲል ያምርበታል።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። አላቀድኩትም።

«አባባ፣ አንድ የንስሐ ልጅዎ መጥቶ ያልሠራውን ኃጢአት ሠራሁ ብሎ ቢናዘዝ ምን ይሉታል?»

«ዋሸህ እለዋለሁ።»

«ይፈቱታል?»

እጃቸውን ታጥበው ዳዊታቸውን አወጡ። አልጋዬን ለቀቅኩላቸው። እማዬ ደውላ «አባትሽን እንዳታሳፍሪ» አለችኝና ዘጋች። ሁሉም ሰው ስለ ማፈር ነው የሚያወራው። መኪናዋን ከፍቶ ያየ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙስ

ሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ተደረደረ። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሰፈሩን ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ። አጠገባቸው አባባ። ፊት ለፊት አቶ ደሳለኝና ጋሽ አስራት። ሱራፌል በሩን ተደግፎ ቆሟል።

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ታናሽ ይነሣል፣ አጥፍቻለሁ ይላል፣ ጉልበት ይስማል፣ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ይመርቃሉ፣ ሁሉም አሜን ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመሃል ማን ምን እንዳደረገ ቢጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል።

«በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ወርቁ። «አጥፍቻለሁ በይና ይብቃ። ቀኑም መሸ።»

ተነሣሁ። 

«አቶ ደሳለኝ፣ መኪናዎ በመሰበሯ አዝኛለሁ። ከልቤ ነው። ግን አላጠፋሁም። ሳጥኑን ያነሣው ሱራፌል ነው። ጋሽ አስራትም ያውቃሉ፤ ማክሰኞ በአፋቸው ነግረውኛል።»

«ኧረ በሽማግሌ ፊት!» አሉ ጋሽ አስራት።

«እርስዎስ ቢሆኑ፣ አቶ ደሳለኝ፣ ቅዳሜ ይጨመርልኝ ብለው ሲመጡ እኔን እዚህ አይተውኛል?»

አቶ ደሳለኝ ጫማቸውን አዩ። «ልኬቱ የልጅቷ ነው ተባልኩ» አሉ፣ ለጫማቸው።

ለካ እሳቸውም ያውቃሉ! ቢያንስ መጠርጠር ይችሉ ነበር። እኔን መክሰስ ግን ለሁሉም ቀለል አለ። 

ጋሽ ወርቁ ወደ አባባ ዞሩ። «ቄስ፣ እስቲ ይምከሩልን። እሷም ዝቅ ትበል፣ እርስዎም ይመርቁንና እንነሣ።»

አባባ መስቀላቸውን ይዘው ነበር። አዩት። ከዚያ ወደ ኪሳቸው መለሱት።

«እኔ ንስሐ ስቀበል ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ያላጠፋ ሰው አጥፍቻለሁ ሲል ሰምቼ እግዚአብሔር ይፍታህ ብዬ አላውቅም። ዛሬም አልልም። ይኼን የሚመርቅ ሌላ ቄስ ፈልጉ።»

ምርቃት የሌለው እርቅ አያልቅም። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን ደጋግመው አዟዟሩት። ጋሽ አስራት «እንዲህ ነው እንዴ ዝምድና?» አሉ። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ተከተልኳቸው።

መናኸሪያ ስንደርስ፣ «አስራት ከዚህ በኋላ አያሠራሽም» አሉኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «ምን ትበያለሽ ታዲያ?» «አላውቅም።» «እኔም አላውቅም» አሉና ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። በመስኮት ሲያዩኝ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ላይሆንም ይችላል።

ዓርብ

አቶ ደሳለኝ የተከራየሁበት ግቢ በር ላይ መጥተው ቆሙ። መኪናዋን ከጋሽ አስራት ሱቅ አውጥተው ላሜራ ሠሪ ጋ አስገብተዋታል። እሑድ ሙሽራ አላቸው።

«ሳጥኑን እንደ መጀመሪያው አድርጊልኝ» አሉ። «ትናንት የሆነውን እርሺው። ለኔ ማንም ያጥፋው።»

ለኔ ማንም ያጥፋው! በሩን ልዘጋባቸው ነበር። ከዚያ ያንን የተቆለለ ጣውላ አሰብኩ። በኔ ሞኬት ተሸፍኖ ከተማውን ሊዞር ነው።

«እሠራዋለሁ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን እዚሁ ፊቴ ጋሽ አስራት ጋ ይደውሉ። ማን እንደሰበረው ይንገሯቸው። ድምፁን ከፍ አድርገው።»

«ልጄ፣ ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ አይሠራም።»

«ትንሽ ሰው ላይስ?»

አመነቱ። ሙሽራዋ አሸነፈች፤ ደወሉ። «አስራት፣ ልጅቷ አላጠፋችም። ያንተ ሰው ነው» አሉ። ከዚያኛው ጫፍ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። ሌላ ነገር አልተባለም። ይቅርታም የለም። ግን ተባለ፤ በጆሮዬ ሰማሁት።

ላሜራ ሠሪው የጣሪያውን ክንድ አቅንቶታል። መስታወቱ እንደተሰነጠቀ ነው፤ ጣሪያው ሲታጠፍ ስለማይታይ ለእሑድ ይለፍ ተባለ። ድስቱን አውጥቼ ቀጭኑን ውፈር መለስኩ። ጣውላውን በሙሉ ነቀልኩ። ብሎን ስፈታ የተላጠው ጣቴ ይጠዘጥዘኛል። በዚህ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ምንም አላቅለሸለሸኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መኪናዋን ወደ ግቢዬ አምጥተን ፈተሽናት። አቶ ደሳለኝ ቁልፉን ለመጫን ፈሩ፤ እኔ ተጫንኩ። ጣሪያው ተነሣ፣ ታጠፈ፣ ወረደ፣ ሳይነካ ተኛ። በሳጥኑና በጣሪያው መካከል እጄን አስገባሁ። አለፈች። ሙዚቃውን ስለቀው የአከራዬ ቆርቆሮ ጣሪያ ተርገፈገፈ፤ አከራዬም ወጥታ ሰደበችን። በብርድ ተንቀጥቅጠን ሳቅን። የሳቸውን ሳቅ ግን አልወደድኩትም። እንዳልወደድኩት ይቆይ።

ከሰዓት በኋላ ሱራፌል መጣ። አላፏጨም። ጋሽ አስራት ልከውት ነው።

«ሰኞ ግቢ ብለውሻል። ነገሩን ረስተነዋል በላት አሉኝ።»

«ማን ነው የረሳው?»

«እኛ ነና።»

እነሱ ረሱልኝ! ምን አድርጌያቸው ነው የሚረሱልኝ? ሱራፌል ፊቱ ቀልቷል፤ ሊለው የፈለገው ሌላ ነገር ያለ ይመስል ነበር። «እኔ እኮ ለሳቸው እውነቱን…» ብሎ ጀመረና ተወው። እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አልጨረሰም። ደፍሮ ቢጨርሰው ኖሮ ምናልባት ሰኞ እገባ ነበር።

«አልመጣም በላቸው» አልኩት።

አሁን ብቻዬን ተቀምጬ እፈራለሁ። ሰኞ የት እንደምሄድ አላውቅም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሽማግሌ የናቀች ይሉኛል፣ ምናልባት ማንም አያስጠጋኝም። ይበሉ። የሠራሁት ሥራ በሱራፌል ትከሻ ላይ ሲመሰገን ዝም ብያለሁ፤ ያ ዝምታ አብቅቷል። ያልሠራሁትን ጥፋትም በስሜ አልቀበልም፤ ለሰላም ተብሎም ቢሆን፣ ለዝምድና ተብሎም ቢሆን፣ ታናሽ ነሽ፣ ሴት ነሽ ተብዬም ቢሆን።