የማያንገጫግጭ መኪና

ኅዳር ፫
ዛሬ አንኮበር ደርሰን ደብረ ብርሃን ቤታችን ተመለስን። በአዲሷ ጃጓር። ባሌ ግራዝማች ወልደአረጋይ ለሌላው ነገሬ ባያስቡም ለወገቤ አስበውልኛል። በላንድሮቨሩ ስሄድ ሦስት ቀን አልጋ ላይ ያውለኝ ነበር... አሁን? ድንጋዩ የት እንዳለ እንኳ አላወቅሁም። ከኋላ ወንበር ለጥ ብዬ ተኛሁ። ሹፌሩ ፈረጅ እግሩ ቀላል ነው፤ ማርሽ ሲቀይር አይታወቅም። የወንበሯ ቆዳ ነጭ፣ እንደ ቅቤ የለሰለሰ። ጎረቤቴ በአጥር ቀዳዳ ታያለች። ትቃጠል!

ኅዳር ፲፩
ወንበሩ ላይ ስሙኒ የምታህል ጭቃ። ፈረጅን ልክ ልኩን ነገርኩት። አቀርቅሮ ጠረገ። ሚስቱ ነሲባ ቀኗ ደርሷል አሉ። ግቢዬ ጥግ ካለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። ሆዷን ይዛ ስትንፏቀቅ ሳያት ይሰለቸኛል።

ታኅሣሥ ፪
ነሲባ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ነች። አዋላጇ "ልጁ ተጋድሟል፣ ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም" ብላለች። ፈረጅ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ።
"እትዬ፣ አዲስ አበባ ላድርሳት። ካሚዮን ይገድላታል። ይህቺ አታንገጫግጭም፣ እርስዎ ያውቃሉ።"
"ደሙስ? በዚያ ነጭ ቆዳ ላይ?"
"ብርድ ልብስ አነጥፋለሁ። ወላሂ፣ ምልክት አያገኙበትም።"
ቁልፉን ከእጁ ተቀበልኩት። እህል የጫነ ካሚዮን ሊነሳ ነበር፤ ጆንያ ላይ አስተኝተው ወሰዷት። ጩኸቷ እሳሎኔ ድረስ ገባ። መኪናዋ የተገዛችው ለእኔ ወገብ ነው ወይስ ለሹፌር ሚስት? አበዙት እኮ!

ታኅሣሥ ፫
ሸኖ ሳትደርስ አረፈች። ልጁም።

ታኅሣሥ ፲
ፈረጅ ከሐዘን ተመለሰ። መኪናዋን አጠበ። ያኮርፋል ብዬ ነበር... ድሃ መቼ ኩርፊያ ያውቅና! ቁልፉን ሰጠሁት።

ጥር ፲፮
ከወንድሜ ሰርግ፣ ከአዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። ፈረጅ እንደ ዛሬ አሳምሮ ነድቶ አያውቅም። እንደ ውሃ ነበር የምንፈሰው። ተኛሁ።
ብርዱ ቀሰቀሰኝ። መኪናዋ ቆማለች። ስትቆም እንኳ አልተሰማኝም! ፈረጅ የለም። ቁልፉ የለም። ሜዳ፣ ነፋስ፣ መስኮቱን ከበው የሚያዩኝ ገበሬዎች።
"ሹፌሬ የት አለ?" ብዬ ጮህኩ።
አንድ ሽማግሌ መለሱልኝ። "ሄደ፣ እመቤቴ። ሚስቱን ከካሚዮን አውርደው እዚችው ሜዳ ላይ ነበር ያስተኟት፤ እዚሁ አለፈች። ቁጭ ብሎ ዱዓውን አደረገና ተነሳ። 'እትዬን አትቀስቅሷቸው፣ እንቅልፍ ይወዳሉ' ብሎናል።"
በሩን ከውስጥ ቆለፍኩት። ሁሉም ያዩኛል... አንድ እንኳ "አይዞሽ" ያለኝ የለም።

የካቲት ፭
ግራዝማች ትርፉን ቁልፍና አዲስ ሹፌር ላኩ፣ ገብረመንፈስቅዱስ የሚባል። ጎበዝ ነው። አሳምሮ ይነዳል። አንኮበር ድረስ የበሩን እጀታ ጨብጬ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ሄድኩ።
"እትዬ፣ ትንሽ ሸለብ ያድርግዎት እንጂ፤ መንገዱ ረጅም ነው" አለኝ።
"ዝም ብለህ ንዳ! ድንጋይ ድንጋዩን ንዳ!"
ገርሞት በመስታወቱ አየኝ። ወገቤ ተሰበረ፣ ግን ሲያንገጫግጨኝ ይሻለኛል። ለስለስ ሲል ነው የምፈራው።