የመጨረሻው ገበቴ

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 1978

የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለመጣሁ ከወገቤ በታች ያለው አካል የእኔ አይመስለኝም። ከነገሌ በጠዋት ተነሥተን ክብረ መንግሥት የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀየረ። እኔ ደግሞ አብረውኝ የተጫኑትን ወታደሮች የሁላችሁም ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ብዬ አሳመንኳቸው፤ ሲያስተካክሉ ዋሉ። ሰዓት ሠሪ መሆኔን የነገርኳቸው ስንወርድ ነው። አንዱ ሊመታኝ ቃጥቶ ሳቀ።

የመጣሁት እኅቴ ልካኝ ነው። ልጇ ሐና ወርቅ በሚቆፈርበት መንደር ጤና ረዳት ሆና መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አሁን ቦሩ የሚባል ወርቅ ቆፋሪ ላገባ ነው ብላ ጻፈች። የእኅቴ ባል፣ አምሳ አለቃው፣ ከዘመተበት አልተመለሰም። «አንዱን መሬት በላብኝ፤ ልጄን ጉድጓድ ውስጥ ለሚውል ሰው አልሰጥም» ትላለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ሂድና እየው። ከወደድከው እሺ እላለሁ። ካልወደድከው ይዘሃት ና።»

የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ሲጽፍልኝ የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀ። «አማች ምርመራ» አልኩት። «የቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ጻፈ።

ማክሰኞ

ደረስኩ። ቆርቆሮ ቤት፣ ሸራ ቤት፣ ሣር ቤት። ጉድጓድ፣ የአፈር ክምር፣ ሌላ ጉድጓድ። እዚህ ሰው ሁሉ ከጉልበቱ በታች ቀይ ነው። ዶሮዎቹም ቀይ ናቸው። ወርቅ ያለበት አገር ሄጄ አንድም የሚያብለጨልጭ ነገር አላየሁም።

ሐና ከስታለች፤ ሳቋ ግን አልከሳም።

«ጋሼ፣ ልትመረምር ነው የመጣኸው?»

«እኔ? ናፍቀሽኝ ነው።»

«እማዬ ጽፋልኛለች።»

ቦሩ አመሻሽ ላይ መጣ። ረጅም ነው፤ በሩ ላይ ጎንበስ አለ። የልብሱ ፊት ሁሉ ጭቃ ስለሆነ እጁን በጀርባው ጠርጎ ሰጠኝ። «አካም ኦልተኒ፣ ኤሱማ?» ብሎ ሰላም አለኝ። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ነው። ገና ሳልፈቅድለት ዘመድ አደረገኝ።

«ወርቅ የምታወጣ ከሆነ ጥርስህ ለምን ነጭ ሆነ?» አልኩት።

«የወርቅ ጥርስ ያለው ሰው እዚህ አፉን ከፍቶ አይተኛም፣ ኤሱማ።»

ላለመሳቅ ብዙ ታገልኩ። የተዋወቁት በብልቃጥ ነው አሉ። ቆፋሪዎቹ ወርቁን የሚያስቀምጡት ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ ብልቃጡን የምትሰጠው ሐና ነች። እሱ በሳምንት አንድ ብልቃጥ ሲበቃው አራት ጊዜ እየመጣ ይለምን ነበር።

ረቡዕ

ከእነቦሩ ጋር ዋልኩ። ቡድኑ አምስት ሰው ነው። ሁለቱ ይቆፍራሉ፣ ሁለቱ አፈሩን በባልዲ ይጎትታሉ፣ አዴ ዱሬቲ ደግሞ ወንዙ ውስጥ ቆማ በገበቴ ታጥባለች። በዕድሜ የሁሉም እናት ነች። ውሃው ጭቃውን ይወስዳል፤ ገበቴው ሥር ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ ከጥቁሩ ውስጥ፣ ዕድለኛ ከሆኑ፣ ትንሽ ቢጫ። ቀኑን ሙሉ ያየሁት ቢጫ የቁንጫ ዓይን አይሞላም።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፍ። የሰዓት መለዋወጫ ስሞርድ የተጠራቀመ የነሐስ ብናኝ በክብሪት ቤት ይዤ ነበር። ከነገሌ ስነሣ ጀምሮ ያሰብኩት ቀልድ ነው። ወደ ማታ አዴ ዱሬቲ ዞር ስትልልኝ ገበቴዋ ውስጥ በተንኩት። ትጮሃለች፣ ሁሉም ይሮጣሉ፣ ከዚያ ክብሪት ቤቱን አሳያለሁ፣ እንስቃለን።

አልጮኸችም። ያን ገበቴ ስታጥብ ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዙራ ነው። ሳታየው ብልቃጥ ውስጥ ጨመረችው፣ በጥጥ ወተፈችው፣ ወደ መንደር ለሚያልፍ ሰው አድርስ ብላ ሰጠችው። ሥራ አበቃ ተባለ።

ነሐሱ ከጭቃው ጋር ታጥቦ ሄዷል፣ ቀልዴን ውሃ በላው ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ

ምነው እጄ በተሰበረ።

ኤሌማ የሚባል የቡድናቸው ሰው የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶበት እግሩ ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የየቀኑ የመጨረሻ ገበቴ የእሱ ነው። ማንም አያየውም፤ በዛ አነሰ እንዳይባል፣ እሱም እንዳያፍር። ሚስቱ ሎኮ ወስዳ ለመንግሥት ወርቅ ገዢው ታስረክባለች።

ዛሬም ወሰደች። ገዢው አሲድ ጠብ ሲያደርግበት አረንጓዴ ሆኖ ኩፍ አለ። ነሐስ ከወርቅ ጋር ቀላቅሎ ማምጣት እዚህ ከባድ ወንጀል ነው። ሎኮን ያዟት። ቦሩ ሰምቶ ከጉድጓዱ እንደወጣ ሮጠ። «የቡድኑ ኃላፊ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷን ልቀቋት» አለ። ሎኮን ለቀቁ፣ የእሱን የቁፋሮ ፈቃድ ወሰዱ። ለዘለቄታው ሊሰረዝ ይችላል ተብሏል። የኤሌማን ጨምሮ የስድስት ቤት እንጀራ ቆመ።

ይህን የነገረን እጁን እየታጠበ ነው። ማን እንዳደረገው አልጠየቀም። ሐና፣ «ያላደረግከውን ለምን አደረግኩ አልክ?» አለችው።

«የሰው ሚስት እዚያ ታድር?» አለ፤ ሄደ።

ክብሪት ቤቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ዝም ለማለት የሚሆኑ ምክንያቶችን ቆጠርኩ፦ እንግዳ ነኝ። ማንም አላየኝም። ይለፌ ያበቃል። ፈቃዱ ከተሰረዘ ጋብቻውም ይፈርሳል፤ ያኔ እኅቴ ደስ ይላታል። በመጨረሻው ምክንያት ራሴን ጠላሁ። ለሐና ነገርኳት።

«ቦሩን ሊመረምር የተላከው ይህ ነው?» አለች። ከዚያ አንሶላ ሰጥታኝ፣ «ይተኙ» አለች። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ ነች።

ዓርብ

የወርቅ ገዢው ቢሮ ሳይከፈት በር ላይ ቆሜ ነበር። ክብሪት ቤቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ኃላፊው አሲዱን ጠብ አደረገበት፤ ያው አረንጓዴ።

«ጓድ፣ ይህ ቀልድ ነው?»

«ነበር።»

ቃሌን በጽሑፍ ስጥ አለኝ። ፊደል የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፌ ሁሉ ትልልቅ ነው፣ ሁለት ገጽ ፈጀ። አንብቦ፣ «ለአማችህ ስትል ጥፋቱን ወስደህ ቢሆንስ?» አለ። ቡድኑ፣ አዴ ዱሬቲና ኤሌማ ጭምር፣ ቃሌን አምነው ከፈረሙ ፈቃዱን እመልሳለሁ አለ። እኔንም ሊያስረኝ ይችል ነበር፤ አላሰረኝም። እግዚአብሔር ይስጠው።

የቡድኑ ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ። ቦሩ የሰማው እዚያው ነው። «ኤሱማ፣ ቀልዱ ለእኔ ነበር?» አለ።

«ለሁላችሁ።»

አዴ ዱሬቲ ነች የከበደችኝ። «ዓይኔን ያዞርኩት ለክብር ነው። አንቱ በዞረ ዓይን ሰረቁኝ» አለች። ጥቂት ተማክረው ፈረዱ፦ ነገ ቀኑን ሙሉ ወንዙ ውስጥ ቆሜ አጥባለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ኤሌማ ቤት ሄጄ በራሴ አፍ እናገራለሁ።

ኤሌማ ተጋድሞ አገኘሁት፤ እግሩ በእንጨት ታስሯል። ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። ሎኮ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ከዚያ ሰውየው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቅሳል ብዬ ስደነግጥ ለካ እየሳቀ ነው። እግሩን ይዞ፣ «ዋቃዮ፣ ዋቃዮ» እያለ አምላኩን እየጠራ ሳቀ።

«ሁለት ወር ሙሉ የገባ ሰው ሁሉ ያለቅስልኛል» አለኝ። «ከወደቅኩ ወዲህ የቀለደብኝ አንቱ ብቻ ነዎት።»

ሎኮ፣ «አያበረታቱት» አለችኝ። ግን ወተት ሰጠችኝ። ኤሌማም ሌሎቹም ፈረሙ።

ቅዳሜ

ፈቃዱ ጠዋት ተመለሰ። ቦሩ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፤ ቀኑን ሙሉ በመዳፉ እየነካ ያረጋግጠው ነበር።

አጠብኩ። ውሃው ይበርዳል፣ ጀርባ ይቆርጣል። አዴ ዱሬቲ ዳር ተቀምጣ፣ «ሰዓት ሠሪው፣ ቀስ፤ ወርቁን ለዓሣ እየሰጠኸው ነው» ትላለች። አንቱታው ቀርቷል፤ ደስ አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ አውርደኝ አልኩት ቦሩን። ለእኅቴ ያላየሁትን ነገር ልነግራት አልችልም። በገመድ አሰረኝና ግድግዳው ላይ በተፈለፈለው የእግር ማሳረፊያ ወረድኩ። ሰማዩ የሣንቲም ያህል ቀረ። ፈራሁ፤ ምንም ቀልድ አልመጣልኝም። እነሱ ጋ ከላይ ያለው ከታች ያለውን ዝም አያሰኘውም፤ ድምፅ ከጠፋ ገመዱን ይስባሉ። ቦሩ ከላይ፣ «ኤሱማ፣ ይናገሩ» ይላል። «ምን ልናገር?» «የሐናን ልጅነት።» ውሻ ፈርታ ዱቄት ማድጋ ውስጥ የገባችበትን ቀን ነገርኩት። ሳቁ እስከ ታች ይሰማል። ኤሌማ ከተጎዳ ወዲህ ቦሩ ግድግዳውን በግንድ ደግፎታል። አንድ በአንድ በእጄ ዳሰስኩ። ጠንካራ ነው። ጉድጓድ ግን ጉድጓድ ነው።

አሁን ክሊኒኩ በር ላይ ተቀምጫለሁ። ሐና ውሃ ያቆሳሰለውን እግሬን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቅባት እየቀባችኝ፣ «ለእማዬ ምን ልትላት ነው?» አለች።

«ፈተናውን የላክሽው ሰው ወደቀ፣ ልጁ አለፈ እላታለሁ።»

«ስለ ጉድጓዱስ?»

«ወርጄ አየሁት፣ ፈራሁ፣ ወጣሁ እላታለሁ። ያወጣኝም እሱ ነው።»

አልሳቀችም። እግሬንም አልለቀቀችም። እኅቴ በዚህ እሺ ትበል አትበል አላውቅም። ሰኞ ሦስታችንም ወደ ነገሌ እንሄዳለን። ቦሩ ለእሷ የሚቀርብበት ሸሚዝ ከጎረቤት ሲዋስ አመሸ፤ ሦስት ሸሚዝ ለካ፣ የሁሉም እጅጌ አጠረው። ነጩ ይሻልሃል አልኩት። ዓይኔን ትክ ብሎ አየና፣ እየቀለድኩ አለመሆኔን ሐናን ጠየቃት።