ለሠላሳ ሰው የፈረመ አንድ እጅ

ይድረስ ለውዴ ለአስማረ። ጤናህን አልጠይቅህም፤ እዚያ ሕመም የለም ብለው የደብራችን መሪጌታ አጽናንተውኛል። ከተለያየን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። ጠላው ቀጠነ ብለው ትንሽ ከማማታቸው በቀር ክፉ ነገር አልሰማሁም።

የቤቱን ልንገርህ። የጓዳውን ቆርቆሮ ንፋስ ገልጦት አስመታሁት። ላሚቱን ሸጥኳት፤ ብቻዬን ማለብ ሰለቸኝ። ልጃችን ትርንጎ አሁንም ዳባት ታስተምራለች፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣ ነበር። ነበር ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህም በእሱ ምክንያት ነው።

ከቤታችን በታች ያለው ሜዳ ሊሸጥ ነው። ከጃናሞራና ከበየዳ ለገበያ የሚመጣው ሰው በቅሎውን የሚያስርበት፣ እድራችን ድንኳን የሚተክልበት፣ አንተንም ያለቀስንበት ሜዳ። አንድ ጠዋት የጨረታ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየን። ሽያጩን የሚቃወም ኮሚቴ አቋቋምን፤ መሪጌታ ሰብሳቢ ሆኑ፤ እኔም ከሴቶቹ ጋር ቤት ለቤት እየዞርኩ አቤቱታ አስፈረምኩ። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ዳገቱን እያረፍኩ ነው የወጣሁት። በየቤቱ ደግሞ ሳትቀምሱ አትሄዱም ስለሚሉን የመጀመሪያው ቀን አራት ቤት አዳርሰን መሸብን።

ከዚያ ማዘጋጃ ቤት ተጠራን። ኃላፊው ትሑት ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ነው የተቀበለን። አንድ የቆየ ወረቀት አውጥቶ አሳየን። ነዋሪው ተሰብስቦ ሜዳው ለባለሀብት ይሰጥ ብሎ ተስማምቷል ይላል፤ ከኋላው የሠላሳ ስምንት ሰው ስምና ፊርማ ተያይዟል። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ስሙን አንድ በአንድ አነበቡ። ከጥቂቶች በቀር የተጠራው ሁሉ እኔ አልፈረምኩም ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኃላፊውም ታዲያ ማን ፈረመው ብሎ ጠየቀ። ሰዉ እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ። አንዱ ሌላውን ሸጠኸናል ሊለው ምንም አልቀረውም።

እኔ ግን ገና ወረቀቱን ሳየው እጅህን አውቄዋለሁ።

አንተ እያለህ ነው፤ ኅዳር ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ስለ ሜዳው ውይይት አለ ተባለ፤ ከስብሰባ የቀረ ስኳርና ዘይት አያገኝም ይባል ነበር። የመጣው ስምንት ሰው ነው። አንተ የእድሩ ጸሐፊ ነህና የስም መመዝገቢያው እጅህ ገባ፤ ለቀረው ሁሉ ፈረምክለት። ቤት ገብተህ እየሳቅክ ነገርከኝ፤ ግማሹን በግራ እጅህ፣ የጎረቤታችንን የአያ ቢሻውን ደግሞ ልክ እሱ እንደሚያደርገው እያጠማዘዝክ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ያ የስም ዝርዝር እንዴት ከስምምነት ወረቀት ጋር እንደተሰፋ አላውቅም። አንተም አታውቅም ነበር፤ በዚህ እምልልሃለሁ።

ለትርንጎ ነገርኳት። እንዳልናገር ለመነችኝ። ሰዉ አምኖ ጸሐፊ ያደረገው ሰው ሐሰተኛ ፈራሚ ነበር ሊባል ነው፤ ሙት አይወቀስም አለች። በመጨረሻም «አባቴን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው?» አለችኝ። ሦስት ቀን መዝገብህን እያገላበጥኩ ቆየሁ። አንተን ጠየቅሁህ፤ አንተ ደግሞ ስትፈልግ ዝም ማለት ታውቅበታለህ።

በአራተኛው ቀን ማዘጋጃ ቤት ዳግም ስንጠራ፣ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ ባለበት ተነሣሁ። ያንተ ጽሕፈት ያለበትን የእድር መዝገብ ይዤ ነበር፤ ከወረቀቱ ጎን ዘረጋሁት። «ሠላሳውን የፈረመው ባሌ ነው። ሰዎቹ አልነበሩም» አልኩ። ስላጋለጥኩህ አፈርኩ፤ ወለሉን ነበር የማየው።

ከኋላ አንድ ሰው አጭበርባሪ ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አንተ ባስገኘህለት ዘይት ወጥ ሲያሠራ የኖረ ነው። ከዚያ አያ ቢሻው ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ።

«እኔ የዚያን ቀን ዳባት እህቴ ዘንድ አጨዳ ነበርሁ። አስማረ የፈረመልኝ ልጆቼ ዘይቱ እንዳይቀርባቸው ብሎ ነው እንጂ ሜዳውን እንዲሸጥብኝ አይደለም» አለ።

ከእሱ በኋላ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዷ አራስ ነበረች፤ አንዱ ጸበል ሄዶ ነበር፤ አንዱ ቡይት ራስ ላይ ለቱሪስት በቅሎ ይነዳ ነበር። እያንዳንዱ የዚያን ቀን የት እንደዋለ ተናገረ። ኃላፊው ቀና ሳይል ሲጽፍ ቆየ።

ጨረታው ጉዳዩ እስኪጣራ ታግዷል። ጨርሶ ቀረ ማለት ስላልሆነ ገና ደስ አይበልህ። ያንተ ስም ግን እንደ ድሮው አይነሣም። አንዳንዱ ነፍሱን ይማረው ይልና ይስቃል፤ አንዳንዱ እኔ ስደርስ ወሬውን ያቋርጣል። ትርንጎ ከመጣች አርባ ቀን አለፋት። ስደውልላት ክፍል ውስጥ ነኝ ትለኛለች፤ እሑድም ጭምር።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አቤቱታ ጻፍን። አንዲት ጎረቤታችን ታማ ተኝታ ነበርና እኛው እንፈርምላት ያለ ሰው አልጠፋም። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ወረቀቱን ይዤ አልጋዋ ድረስ ሄድኩ፤ ጣቷን ቀለም አስነክቼ ራሷን አስፈረምኳት።

መሪጌታ በሙት ዓመትህ ጻድቅ ነበረ ብለው አስተምረውልሃል። አልነበርክም። ለሰው ስኳር እንዳይቀርበት ብለህ የምትዋሽ፣ በዋሸኸውም የምትስቅ ሰው ነበርክ፤ ሜዳውንም ልታሳጣን ምንም አልቀረህም። በጣም ናፍቀኸኛል። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም፤ ያልነበርከውን ሰው እንዳደርግህ ግን አትጠብቅብኝ። እኔ ያገባሁት አንተን ነው።