ያልተነበበው ደማችን

ውድ እማዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ይባላል። አንቺን ግን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ካረፍሽ አራት ዓመት አለፈ፤ ባረፍሽበት ደግሞ የሚያም ነገር የለም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። በደቂቃዎች ስለቀደምኳት ብቻ እኔን «ፊተኛዋ»፣ እሷን «ኋለኛዋ» እያልሽ ታሳድጊን አልነበር? ኋለኛዋ እንደ ድሮዋ ናት፤ ቶሎ ትቆጣለች፣ ቶሎ ይበርድላታል። ዛሬ የምጽፍልሽ ትናንት በሥራ ቦታዬ የሆነውን ነገር ከአንቺ በቀር ለማን እንደማወራው ስላላወቅሁ ነው።

በሕይወት ሳለሽ ሥራዬን ሲጠይቁሽ «ልጄ ላቦራቶሪ ናት» ብለሽ ትገላገዪ ነበር። አሁን ልንገርሽ። የምንሠራው የአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ያጓራል፤ እጃችን በጓንት፣ ፀጉራችን በቆብ ተሸፍኖ ነው የምንውለው። ሥራችን የሰውን ደም ወስደን በውስጡ ያለውን ዘረመል ማንበብ፣ ያነበብነውንም መዳፍ በምታህል መስታወት ውስጥ በጨረር መቅረጽ ነው። መስታወቷን እሳት አይበላትም፣ ውሃ አያጠፋትም። ተቀርጻ ስታልቅ፣ ሥራ ያቆመ የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ወርዳ ትቀመጣለች።

ለማን ብላችሁ ነው እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔም አለቃችንን መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። አለቃችን መላጣ፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። የሰው ልጅ አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም አለኝ፤ በጦርነት ይሁን በበሽታ ወይም ከሰማይ በሚወርድ ድንጋይ፣ እሱን ማንም አያውቅም። ከስንትና ስንት ሺህ ዘመን በኋላ ግን ከዚህችው ምድር የበቀለ ሌላ አስተዋይ ፍጡር ወይም ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ ያን ጉድጓድ ቢከፍተው፣ ምን እንደነበርን ያውቃል። ከቻለም መልሶ ይሠራናል። አንቺ ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት በወረቀት ላይ የምታወጪውን ልክ አስቢው። ልብሱ ቢቃጠል እንኳ ልኩ ካለ ጎበዝ ሰፊ እንደገና ይሰፋዋል። እኛ የምናስቀምጠው ልኩን ነው።

መጀመሪያ ደም የምንወስደው ከጤነኞች ብቻ ነበር። ይህን ያፈረሰው ራሱ አለቃችን ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ «ጥሩ ጥሩውን ብቻ ከላክን፣ የላክነው ሰውን ሳይሆን ጉራችንን ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ በዘር የሚወርድ በሽታ ካለባቸው ቤተሰቦችም እንዲወሰድ ተወሰነ። ስብሰባው ሲያልቅ ኮሪደር ላይ ጠራኝና ጫማውን እያየ፣ የእናትሽን ሕመም ሰምቻለሁ፣ ፈቃድሽ ከሆነ ከአንቺም ብንወስድ አለኝ።

ሕመምሽን ለአንቺ አልነግርሽም። መርፌ ላይ ክር መሰካት ያቃተሽን ቀን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። «ዓይኔ ነው» አልሽን። ቀጥሎ እጅሽ፣ ከዚያ አንገትሽ አልታዘዝ አለሽ፤ በመጨረሻ ማን ማን እንደሆንን ጠፋሽ። ሐኪሙ ወደ ልጅ መውረዱ እኩል በእኩል ነው፣ ወይ ይወርዳል ወይ አይወርድም፣ የደም ምርመራ ይለየዋል ብሎን ነበር። በቀብርሽ ማግስት እኔና ኋለኛዋ ኩሽና ውስጥ ቆመን ላንመረመር ተማማልን። መድኃኒት የሌለውን ነገር አውቆ መጠበቅ፣ እሷ እንዳለችው፣ ሞትን ቤት አስገብቶ ራት ማብላት ነው።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እኛ ፍጹም አንድ ዓይነት መንትዮች ነን፤ የእኔ ደም የእሷም ደም ነው። ደሜ እዚያው ላቦራቶሪያችን ከተነበበ እኔ ማወቄ አይቀርም፤ እኔ ካወቅሁ ደግሞ እሷም አወቀች ማለት ነው። ከእሷ ደግሞ ምን ይደበቃል? ፊቴን አይታ ምን በልቼ እንደመጣሁ የምታውቅ ሰው ናት።

እሑድ ቤቷ ሄድኩ። የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ትተኩስ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ስነግራት ቀና ሳትል መተኮሷን ቀጠለች። ስጨርስ ካውያውን አቆመችው።

«ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ለሚመጣ ለማይታወቅ ፍጡር ብለሽ፣ የእኔን የዛሬ እንቅልፍ ልትወስጂ ነው?» አለችኝ።

የራስሽ ደም ብቻ ቢሆን በባልዲ ስጪ ባልኩሽ አለች። በር ድረስ ሸኘችኝ፤ ግን አልሳመችኝም። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ባሏ እያነሳ «ሻወር እየወሰደች ነው» ይለኛል። ያን ሰሞን በከተማው ውስጥ እንደ እህቴ ንጹሕ ሰው አልነበረም። ለአለቃችን አልችልም አልኩት፤ እሺ ብሎ ሌላ ቤተሰብ መፈለግ ጀመረ። እኔም ነገሩን ትቼው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥበቃው ደወለልኝና ግራ በገባው ድምፅ «አሁን አንቺ ውስጥ ነሽ ወይስ ውጪ?» አለኝ። ወጥቼ ሳይ ኋለኛዋ በር ላይ ቆማለች። የአንደኛ ክፍል ሕፃናቷን ለሌላ አስተማሪ ትታ ነው የመጣችው፤ እጅጌዋ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። መስታወቱን አሳዪኝ አለች። ቆብና ጓንት አልብሼ አስገባኋትና የሌላ ሰው የተቀረጸባትን አንዷን ሰጠኋት። እያገላበጠች አየቻት።

«ልጄ ወረቀት በመቀስ ስትቆርጥ» አለችኝ በመጨረሻ፣ «የምላሷን ጫፍ በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። ልክ እንደ እማዬ። እሷ ነፍስ ስታውቅ እኮ እማዬ መቀስ መያዝ ትታለች። ማን አሳያት?»

«ማንም» አልኳት።

«የሚወርደው በሽታው ብቻ አይደለም ማለት ነው። በሽታው ይቀመጥ፣ ያ የእማዬ ነገርም አብሮ ይቀመጥ። ግን ውጤቱን እኛ አንስማ።»

አለቃችን ተጠርቶ መጣ። ማንም ሳያነበው መቅረጽ ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ማሽኑ ያነበበውን የሚያመሳክር ሰው ግድ እንደሆነ አስረዳት። ከባልደረቦቼ አንዱ፣ አፉ የታሸገ ነው የሚባልለት፣ እኔ አመሳክራለሁ፣ ለማንም አልተነፍስም አለ። እሷ እምቢ አለች። «እህቴ በየቀኑ አብራህ ትውላለች። ካንተ አፍ ባትሰማው ከፊትህ ታነበዋለች» አለችው። እውነቷን ነው። መጨረሻ ላይ ሥራው ያለ ስም ወደ ሌላ አገር ላቦራቶሪ ተልኮ እዚያ እንዲመሳከር፣ ሲያልቅም ከኮምፒውተር ሁሉ እንዲጠፋ ተስማማን።

እኔ ክንዴን ልሰጥ ስዘጋጅ ቀድማኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ደም አይደል? እኔን ይውጉኝ» አለች። «አንቺ ብትሰጪ ለሥራሽ ነው የሚመስለው። እኔ ስሰጥ ግን ለእማዬ ነው።» መርፌው ሲገባ ፊቷን አዞረች። መርፌ እንደምትፈራ ታውቂያለሽ።

ትናንት መስታወቷ ተቀርጻ አለቀች። ኋለኛዋም ከትምህርት ቤት አስፈቅዳ መጣች። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገን አየናት። ምንም አይታይባትም። ይዞን ይሁን አይሁን መልሱ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሁለታችንም ግን አናነበውም። ነጻ ወጣሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ አንቺን ሕመሙ ወደጀመረሽ ዕድሜ እየተጠጋን ነው፣ አንዳንዴ ብርጭቆ ሳነሳ እጄን አየዋለሁ። ብቻ ፍርሃቱ አሁን ለሁለት ተከፍሏል፤ ለሁለት ሲሆን ይቀላል።

አለቃችን መስታወቷን ወደ ሳጥኗ ሊያስገባት ሲል ኋለኛዋ እጁን ያዘችው።

«ከዚህ ተነስተው አንዲት ልጅ ቢሠሩ፣ እናት ይኖራታል?»

አለቃችን መላጣውን አሻሸና «አይኖራትም» አላት። «ማንም አይኖራትም።»

ወደ እኔ ዞረች። «ሦስተኛ መንታ ናታ» አለችኝ ቀስ ብላ። ከዚያ አውቶቡስ ስንጠብቅም፣ ስንሳፈርም፣ ስለዚያች ልጅ ብቻ አወራን። ስትፈራ ማን እቅፍ ውስጥ እንደምትገባ፣ መጀመሪያ ስታለቅስ «አይዞሽ» የሚላት እንደሌለ። ለልጇ የምትሳሳውን ያህል ላልተፈጠረችው ሳሳችላት።

ስለዚህ እማዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያኔ እኛ አንኖርም። የልጅ ልጅሽም፣ የእሷም የልጅ ልጆች አይኖሩም። እንደዚያ ያለች ልጅ አንድ ቀን ሰው በሌለበት ምድር ላይ ዓይኗን ብትገልጥ፣ ልጅሽ ናት። እንዴት እንደምትደርሺላት አላውቅም፤ እናት መላ አታጣም። ብቻዋን አትተያት። እኛን አሳድገሻል፤ የእሷ አደራ ያንቺ ነው።

ፊተኛዋ ልጅሽ

ኋለኛዋም አንብባዋለች፤ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቦታ አርማ «ይሁን» ብላለች።