አሻፈረኝ ያለው አደንጓሬ

ሰኞ፣ ግንቦት 17 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

አደንጓሬው ዛሬም አልወጣም። የልጅ ልጄ መቅደስ የተክሉን ጫፍ በጣቷ እየመራች በገመዱ ላይ ታስተኛዋለች፤ ዞር ስንል አምልጦ አየር ላይ ይንሳፈፋል።

መቅደስ አዲስ አበባ ሥዕል ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋን እኔ ዘንድ ልትጨርስ መጥታለች። አንድን ሐረግ በእርሳስ ነድፋዋለች፤ በእንጨት ላይ ቀርጻ በወረቀት አትማዋለች፤ አሁን ደግሞ የሸክላ ግንድ አቁማ፣ ከሐይቁ ዳር ባመጣችው ፊላ የገመደችውን ገመድ ጠምጥማበታለች። የቀረው ሕያው ተክል ነው። ከፋሲካ በኋላ በግንዱ ሥር፣ በማሰሮ የዘራሁላት አደንጓሬ ገመዱን ተከትሎ መውጣት አለበት።

እሑድ ትሄዳለች፤ ማክሰኞ መምህራኗ በሥራዋ ላይ ይፈርዳሉ። አምና «እጅሽ መልካም ነው፤ ሥራሽ ግን በድን ነው» ብለው መልሰዋታል። ዘንድሮም ከመለሷት ትምህርቱ አበቃ። አባቷ የሒሳብ ሥራ አዘጋጅቶ ይጠብቃታል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ወንበሬን አውጥቼ ተክሉ ፊት ተቀመጥኩ። መድኃኒቴን ስውጥ ጫፉ ወደ ሐይቁ ያመለክት ነበር። ጋዜጣዬን ገልጬ ቀና ስል ወደ ወልድያ መንገድ ዞሯል። ቆይቶ ወደ አምባሰል ተራራ። ከዚያ ወደ ደሴ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሐይቁ!

እንደ ዓይነ ስውር እጅ የሚይዘውን እየፈለገ ይዞራል። ይህን ሁሉ ዘመን ስለ ሐረግ ስንኝ ስቋጥር ኖሬ፣ ሐረግ በቀን ብርሃን፣ በዓይኔ ፊት እንደሚንቀሳቀስ አላውቅም ነበር። ምሳዬን ረሳሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

መቅደስ ትዕግሥቷ አለቀ። በክር አሰረችው። ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ እርጎ ይዘው ሲገቡ አዩት።

«ምነው መምህር! ምን ቢያጠፋ ነው እንዲህ ጠፍራችሁ ያሰራችሁት?»

«መንገዱን እምቢ ብሎ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ እንደ እርስዎ ነዋ! በሞቴ ልቀቁት። አላህ ያዞረውን እናንተ ልታዞሩት?»

መቅደስ አልሳቀችም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ሱብሓን አላህ፣ ይሉ ነበር እትዬ ዘሃራ ቢያዩት። የታሰረው እንደታሰረ ነው። ከመጨረሻው ቋጠሮ በላይ ያደገው ለጋ ግን ዞሮ በራሱ አቅጣጫ ግንዱን ይዟል።

መቅደስ ወደ አጥሩ ወጣች። ተከተልኳት። በየእንጨቱ ላይ የተጠመጠመውን አደንጓሬ አንድ በአንድ አየን፤ ሁሉም ከፊት ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ይወጣል። አንድም የተለየ የለም። ፀሐይ ያገኘውም፣ ጥላ የዋለበትም። ማን ነገራቸው? ቆቤን አወለቅኩ፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እሷ ግን ሮጣ ገብታ የቀረጸችበትን ጣውላና ኅትመቱን ጎን ለጎን ዘረጋች። ጣውላው ላይ ሐረጉ ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ወረቀቱ ላይ ወደ ግራ። የተቀረጸ ነገር ሲታተም ይገለበጣል። ገመዱን የጠመጠመችው ኅትመቱን እያየች ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት እኮ ነው አባባ! ተክሉ አጠገቤ እያለ የራሴን ሥዕል አይቼ ሠራሁ። አምና በድን ያሉት ይህንኑ ነው።»



ዓርብ፣ ግንቦት 21

ማርያምን ተሳልሜ ስመለስ መቀስ ይዛ ሥራዋ ፊት ቆማለች። ፊላው ደርቋል፤ ቢፈታ ይሰባበራል፤ ሌላ ገምዶ ለማድረቅም ጊዜ የለም። እኔ ብሆን አፍርሼ እንደገና እጀምር ነበር። ስንት ግጥም ቀድጃለሁ! «ቁረጪው ልጄ፤ ሌላ እንገምዳለን» አልኳት።

ቆረጠች። ገመዱን ሳይሆን፣ ተክሉን ያሰረችበትን ክር።

«ስሕተትሽን ያዩታል» አልኳት።

«ይዩዋ!»

እሑድ፣ ግንቦት 23

በሁለት ቀን ውስጥ ይህ ሁሉ! የተለቀቀው ተክል በራሱ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ፣ በተቃራኒው የወጣውን ገመድ ደጋግሞ አቋርጦታል። በተሻገሩበት መካከል መስኮት የመሰለ ክፍተት፤ በየመስኮቱ ቅጠል። ደረቁና ሕያው ተቃቅፈው ቆመዋል። ከሁለቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ይህን አይሆኑም ነበር።

ሚኒባሱ ላይ አቅፋው ስትገባ ረዳቱ «እናት፣ አደንጓሬው ደሴ ነው የሚወርደው?» አላት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጫፉ በበሩ እንዳይቀነጠስ ብቻ አይ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 25

ስልኳ ዝግ ነው። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ አልሰማሁትም። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

በማለዳ ደወለች። ድምጿ ጎርነን ብሏል።

መምህራኑ ደጋግመው ዞሩት አለች። ተማሪው ሁሉ የሚፈራቸው ሰውዬ «ለምን ተቃረኑ?» ሲሏት አልሸሸገችም፤ ገመዱ የእሷ ስሕተት፣ ሌላው የተክሉ ፈቃድ መሆኑን ነገረቻቸው። ሰውዬው አጎንብሰው አንዱን ቅጠል ገለጥ አድርገው ሲያዩ ቆዩና «ይኸኛው ይተነፍሳል» አሉ። አልፋለች።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«አንድ ችግር ብቻ አለ አባባ። ለሕዝብ እስኪታይ አዳራሹ ውስጥ ይቆያል፤ ጫፉ ግን ግንዱን ጨርሶ አልፏል። የሚይዘው አጥቶ ይዞራል።»

«እንግዲያ ከዘራዬን ልላክልሽ?» አልኳት፣ ለቀልድ።

አልሳቀችም። «ላክልኝ» አለች።

ነገ ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው እሰጠዋለሁ። ለእኔ ሌላ አይጠፋም።