ያላደረስኩት የአባ ቃል

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ ፲፩

ብርቄን ዋሽቻታለሁ። ባለቤቴን። ይችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በሑዳዴ ጾም ጉንፋን ያዛትና ወደ ደረቷ ወረደ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል በትንሽ ቅል ወተት ሞልተው ሰጡኝና «ትጠጣ፤ ሕመምተኛ ጾም የለበትም። ኀጢአት ከሆነ በእኔ አንገት፤ እንዲህ ብለዋል በላት» አሉኝ። ወተቱን ከአጥራችን ሥር ደፋሁት። ገብቼም «አባ ጽኚ ብለውሻል» አልኳት። ጸናች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ያን ጊዜ ለእግዜር ብዬ ነው እል ነበር። አይደለም። «ዳዊት በሚደግም ሰው ቤት በሑዳዴ ወተት ተጠጣ» እንዳይባል ነው። የሰው አፍ ፈርቼ ነው። አባም በዓመቱ ዐረፉ። አሁን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አልቃሿ በቀብሯ ያወረደችው ግጥም ግን እስከ ዛሬ በአገራችን ይባላል፦

ላም ታልባ ስትቀርብ ፊቷን ያዞረች፣
ብርቄ ከነጾሟ ወንዙን ተሻገረች።

ዛሬ ይኸን ያስጻፈኝ ከመስኮቱ ሥር ተኝታ የነበረችው የደምበጫ ሴት ናት። ጧት ሞተች። ወተት ባቀረብኩላት ቁጥር «የገና ጾም ነው» እያለች ጥርሷን ትገጥም ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ቡሬ፣ ጣሊያን ከምሽጉ ሥር፣ ደረት ለሚይዘው ለዘንድሮው ጉንፋን ባቆመው የሕመምተኛ ቤት፣ ጸሐፊም ጠራጊም ነኝ። ፊደል ያውቃል ተብዬ ከአውድማ ላይ ነው የተወሰድኩት። እንቢ ማለት እችል ነበር? እንጃ። አላልኩም። ይኸ ደብተር ከዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ያድራል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ ፲፪፣ ሚካኤል

ልጄን አመጧት። ትሁንን።

አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ግማሽ ቀን ተጉዘዋል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ከታመምሽ ስንተኛ ቀንሽ ነው?» ብላት ትንፋሿ አልበቃ ብሎ በጣቷ ሰባት አሳየችኝ። ሰባቱን ቀን ጠበል ሲያስጠምቋት ሰንብተው፣ ሱባዔው ሲሞላ ነው ያነሷት። በዚህ ውርጭ! በጠበሉ አልፈርድም፤ የዳንኩበት ነው። ግን ጠበልና ሐኪም መቼ ተጣሉ? ያጣላናቸው እኛ ነን።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ደጃፉን አልረግጥም ብሎ ከውጭ ቆመ። «በይ፣ የአባትሽ ጌቶች ቤት ይኸውልሽ» አላት፣ እኔ እንድሰማ አድርጎ። የቃሬዛውን ጫፍ ይዤ አስገባኋት። ምን እላለሁ?

የጣሊያኑ ሐኪም አስተርጓሚ ባሏ የት እንዳለ ጠየቀ። «ነጋዴ ነው፤ ወደ ወለጋ ወርዷል» ብዬ መዝገቡ ላይ ያንኑ ጻፍኩ። ባሏ ዱር ነው፣ ከአርበኞቹ ጋር። ይኸንኛውን ውሸት አልናዘዘውም።

ቁርበት አጥፌ ከትከሻዋ በታች አደረግሁላት። ቀና ስትል ትንሽ ይሻላታል። ወተቱን ግን አልነካችም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ ፲፫

ሐኪሙ ለሚገባው ሁሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የታመመበትን ቀን እንድጽፍ ያዘኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ደብተር ጀርባ ለራሴ የያዝኩት አለ። ከዚህ ቤት ሞተው በቃሬዛ የወጡት እነማን ናቸው?

ሽማግሌና አሮጊት።
ከበፊቱም ደረቱ የታመመ፣ አስም ያለበት።
እርጉዝ።
ከአምስት ቀን በኋላ የመጣ።
ከንፈሩና ጥፍሩ የጠቆረ።
እህል ውሃ እንቢ ያለ።

ትሁንን ከዝርዝሩ ጋር ከላይ ወደ ታች አስተያየኋት። አሮጊት አይደለችም፤ ደረቷም ደኅና ነበር። ሌላው ሁሉ አለባት። ጥፍሯን ዛሬ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት፤ እንሶስላ እንደ ሞቀ ጠቁሯል።

ልጄ መሆኗን ለሐኪሙ ነገርኩት። ሲያያት ቆየና በአስተርጓሚው በኩል እንዲህ አለኝ፤ «ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለኝም። እርግዝናዋን አልመልሰውም፣ ሰባቱንም ቀን አልመልሰውም። በእጃችን የቀረው አፏ ነው። አጠጣት።»

ወተቱን አፍልቼ በጣሳ ወሰድኩላት።

«አባባ፣ እናቴ ያላደረገችውን?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም። እንዲያውም ፈገግ ብላ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ ፲፬

ከቅዳሴ በኋላ የከተማውን ቄስ ለምኜ አመጣሁ። ደግ ሰው ናቸው። መስቀሉን ግንባሯ ላይ አድርገው «ልጄ፣ አንቺም የሆድሽም ፍሬ ከጾሙ ተፈታችኋል፤ ጠጪ» አሏት። መስቀሉን ተሳለመች። እሳቸው ሲወጡ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«እኒህ ከምሽጉ ደመወዝ የሚቀበሉ አይደሉም እንዴ? የእነሱ ቄስ የኔን ጾም አይፈታም።»

«ተይ እንጂ ልጄ፣ ሰው ይሰማል።»

«የኛ አባ ቢኖሩ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እናቴን ጽኚ ነው ያሏት። እርስዎ አይደሉም የነገሯት? በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።»

ሰምታለች። ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቷ እግርጌ ተቀምጣ ነበር። ጣሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። ለሕመምተኞቹ ከምትታለበው ላም ማሰሪያ ዘንድ ቆሜ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። እናቷን በሁለተኛ ጊዜ ልገድልባት ነው? ያን ግጥም ይዛ ነው ያደገች። ብነግራትስ ማን ያምነኛል? ለማጠጣት የፈጠርኩት ይመስላታል።

አጠገቧ የተኙት አያ ዋሴ፣ ከልጅነታቸው አስም ያለባቸው ሽማግሌ፣ ስመለስ በእጃቸው ጠሩኝ።

«አንተ ጸሐፊ፣ ጉሮሮህ ላይ የቆመ ነገር አለ። ከእኔ ሳል ይብሳል።»

«ምንም የለም አያ ዋሴ።»

«እሱን እንኳ ለሐኪምህ ንገረው። እኔን ሞት ራሱ ሳሌን ሰምቶ፣ ይኸስ ይጋባብኛል ብሎ ነው የሸሸኝ።» ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረና ለመጨረስ ብዙ ፈጀባቸው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፭

አያ ዋሴ ረፋድ ላይ ዐረፉ። ወተታቸውን በየቀኑ ጨልጠው ይጠጡ የነበሩ ናቸው፤ ትናንትናም ጠጥተዋል። እንግዲህ ወተቱም ዋስ አይሆንም። ይኸን መጻፍ አልወደድኩም፤ እውነት ስለሆነ ጻፍኩት። በዝርዝሬ ላይ ሽማግሌም አስመኛም ነበሩ።

ትሁን ሲወስዷቸው አየች። «እሳቸው ገድፈው ምን አተረፉ?» አለችኝ። ጣሳውን አጠገቧ አስቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ትንፋሿን ቆጠርኩ፤ አቋረጥኩት። የጎድኗ ሥር እየጎደጎደ ይገባል። «ልጁስ ይንቀሳቀሳል?» አልኳት።

«ከትናንት ወዲህ ዝም ብሏል።»

ሐኪሙ አለፈ፣ ጣሳውን እንደሞላ አየ፣ እኔን አየ። ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ ሄደ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ዳዊቴን ገለጥኩ። ዐይኔ ፊደሉ ላይ ይሄዳል እንጂ አልያዘልኝም። ብርቄ ስትሞት ከአፏ የወጣውን ስንት ጊዜ ሰማሁት ዛሬ። እሱን እዚህም አልጻፍኩትም። ፈራሁ። ነገ ነው። ነገ ካልተናገርኩ ከነገ ወዲያ የምነግራት የለችም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

ነገርኳት።

ጧት ነው፤ ፀሐይ በመስኮቱ እንደገባች። በሹክሹክታ ልነግራት ጎንበስ ብዬ ነበር። የዋሸኋት እናቷን በሹክሹክታ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቀና አልኩና ሕመምተኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገርኩ።

«ትሁን፣ አባ እናትሽን ጽኚ አላሏትም። ትጠጣ ነው ያሉኝ። በእኔ አንገት ብለው ወተት ላኩላት። እኔ ደፋሁት።»

የሚያስለው እንኳ ሳሉን ያዘ መሰለኝ።

እሷ ዐይኗን ጨፈነች። «አባባ፣ ለኔ ብለው በሙት ላይ አይዋሹ።»

እንዳልኩት ሆነ። አላመነችኝም።

«ቤታችን ምሰሶ ላይ የተሰቀለችው ቅል» አልኳት። «መስቀል የተተኮሰባት። ልጅ ሳለሽ፣ ለምን አይታለብባትም እያልሽ ታስቸግሪኝ ነበር። የእናትሽ ናት እልሽ ነበር። የእናትሽ አይደለችም። የአባ ናት። ወተቱ የመጣው በእሷ ነው። ልመልሳት አፈርኩ፣ ልሰብራት ፈራሁ።»

ዐይኗን ገለጠች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንዲህ አይታኝ አታውቅም። ከዚህ በኋላም ወደ ድሮው አስተያየቷ የምትመለስ አይመስለኝም።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«እናቴ... ወተት ጠይቃ ነበር?»

አልጠየቀችም ማለት እችል ነበር። ለእሷም ለእኔም ይቀል ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ጠይቃለች» አልኩ። «በመጨረሻው ቀን፣ አንቺ ውሃ ልትቀጂ ስትወጪ። ‹ወተት ሸተተኝ፣ የማን ላም ናት የታለበች?› አለችኝ። ጸልዪ አልኳት።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ልቅሶው ሳል አመጣባት፤ ትከሻዋን ልይዝ ብዘረጋ እጄን ገፋችው። ቆሜ ጠበቅኩ። ከበሩ አጠገብ የተኛች ሴት፣ ስሟን ጽፌ የረሳሁት፣ «ጸሐፊው፣ ለኔም አምጣልኝ በል» አለች። ሮጬ አጠጣኋት።

ስመለስ ትሁን ክንዷን ዘርግታ ነበር። ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ጣሳውን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ከሥሩ ደገፍኩት፤ ይኸን አልከለከለችኝም።

ግማሹን ጠጣች።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ጣሳ እያፈላሁ ይኸን እጽፋለሁ። ጥፍሯ እንደጠቆረ ነው። ልጁ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አልጠየቅኋት፤ አላናገረችኝም። ብቻ ቅድም በደጃፉ ሳልፍ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ሰው በር ሲንኳኳ እንደሚያዳምጥ፣ ጸጥ ብላ አየኋት።

ወተቱ ገነፈለ። ልሂድ።