ስለሌሉት ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ፍየሎቻችን ግብር

ለተከበሩ አቶ ጸረንፒል
የቦር ኻድ ወረዳ ዋና አስተዳዳሪ
በጽሕፈት ቤታቸው

ግልባጭ፦ ለወረዳው ሱቅ በርና በዚያ ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

የተከበሩ አስተዳዳሪያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በአገራችን ወግ ከሰውየው ቀጥሎ የሚጠየቀው እንስሳቱ የበረዶውን ወራት እንዴት እንዳለፉት ነው፤ እርስዎ ግን እንስሳ ስለሌለዎት ያቺ ነጭ መኪናዎ በደህና ከርማ ጸደይን እንዳየች ተስፋ በማድረግ ስለ እሷ እጠይቃለሁ። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው፤ ባለቤቴ ሉብሳንዶርጅም፣ አብረውን ያሉት በጎችና ፍየሎችም፣ በእርስዎ መዝገብ ላይ ብቻ የሚኖሩትም ደህና ናቸው።

ቅሬታ ከማቅረቤ በፊት ላመስግን። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዜጋ፣ ሀብታም ድሃ ሳይባል፣ በየወሩ ሠላሳ ሺህ ቱግሪክ መሠረታዊ ገቢ መታደሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። ከተማ ያለችው እህቴ የደም ግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። በአዳራሹ ስብሰባ እንዳስረዱንም ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ኩባንያው ባወጣው ድንጋይ ከሰል ልክ ለመንግሥት ከሚከፍለው ድርሻ፣ ሮያሊቲ ከሚሉትና እኛ አርቢዎች በእንስሶቻችን ቁጥር ልክ ከምንከፍለው አዲስ ግብር። ከመሬቱ ሆድ የወጣው ለሁሉም ይድረስ፣ በመሬቱ ላይ የሚግጠውም የአቅሙን ያዋጣ ብለው ሲናገሩ እኔም ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፤ በመሥሪያ ቤትዎ ሥርዓት መሠረት ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ።

1. የግብር ወረቀታችን አንድ ሺህ አራት እንስሳ አላችሁ ይላል። ያለን ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እርስዎ ቢያውቁም፣ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቁት ልናገር። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ለዓመታዊው ቆጠራ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በዙሪያችን ካሉት ወረዳዎች አንድም ባለ ሺህ አርቢ የሌለው የእኛ ብቻ መሆኑ ይወራ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ከወጣትነቱ ጀምሮ ሺህ እንስሳ ላለው አርቢ የሚሰጠውን የባለ ሺህ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ለማየት ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ የእህቱን ባል የናምጂልን ሦስት መቶ ሰማንያ ፍየሎች ለሁለት ቀን ተዋሰ። ቆጣሪው ጎንችግ መጣ፣ እንደ አገራችን የሰላምታ ወግ ከባለቤቴ ጋር ሱረት ተለዋወጠ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ቆጠረና ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ላይ ቆመ። የባለቤቴ ፊት ሲጠቁር አይቶ፣ “አይዞህ ጋሼ፣ እርጉዞቹን መቼ ቆጠርናቸውና ነው?” አለና አሥራ ሦስት ያልተወለዱ ግልገሎች ጨመረ። ዘጠኝ ይበቁ ነበር፤ አራቱ ለጥንቃቄ ናቸው ተባለ። ፍየሎቹ በሦስተኛው ቀን ወደ ናምጂል ተመልሰው እዚያም እንደ አዲስ ተቆጠሩ። ሜዳሊያውን ያጠለቁለት እርስዎ ነበሩ፤ በሜዳሊያው ግብዣ ላይ ጎንችግ የእርጉዞቹን ነገር ሲያጫውትዎ አብረን ስቀናል።

2. የስድስት መቶ አሥራ አንዱን ግብር ከፍየሎቻችን ለስላሳ ፀጉር፣ ከካሽሚሩ ሽያጭ ከፍለናል፤ ደስ ብሎን ነው የከፈልነው። የሌሉትን ሦስት መቶ ዘጠና ሦስት ግን ፀጉራቸውን ልናበጥር ብንፈልጋቸው አላገኘናቸውም። በያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ሲታሰብ ሰባት መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ቱግሪክ ይመጣል። እኔና ባለቤቴ በዓመት የሚደርሰን መሠረታዊ ገቢ ደግሞ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ነው። እንግዲህ ወረዳው ገንዘብ እንዲያድለን ስድሳ ስድስት ሺህ እንጨምርለታለን ማለት ነው፤ ለዚህ ክብር ዋጋው ውድ ነው አልልም። ችግሩ እኛ የምንቀበለው በየወሩ ሲሆን የምንከፍለው ባንዴ፣ ወሩ ሳያልቅ መሆኑ ነው። በጎቹ ከበረዶው ወራት አጥንታቸው አግጦ ስለወጡ የሚገዛቸው የለም። የሚሸጥ ነገር የቀረን የባለቤቴ ግራጫ ፈረስ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ገዢ ይመጣል።

ስለ ፈረሱ ትንሽ ልበል፤ ለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም። ሉብሳንዶርጅ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል፤ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ሙሉ ሰው ነው። “ሂድና እውነቱን ንገራቸው” ብዬ ብመክረው፣ “አብደሻል እንዴ አንቺ? አገሩ ሁሉ ባለ ሺህ እያለ ነው የሚጠራኝ። ፈረሱ ይሸጥ፣ በእግሬ እሄዳለሁ” አለኝ። በእግሩ ከማገዶ ክምራችን እንደማያልፍ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

3. ጽሕፈት ቤትዎ በአዳራሹ በር ላይ በለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ ማዕድኑ በቀን ስድሳ የጭነት መኪና ከሰል እንደሚያወጣ ኩባንያው ራሱ በደብዳቤ አስታውቋል፤ ሮያሊቲውም የሚሰላው በዚያው ነው። የተሰበሰበው ስላነሰም ከመጪው ዓመት ጀምሮ የያንዳንዱ ሰው ድርሻ ወደ ሃያ ሺህ ዝቅ ይላል ተብሏል። መንገዱ ከጸደይ ሰፈራችን በታች ያልፋል። ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ማለቢያ እስከ ማታው ማለቢያ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ ከሰል ጭነው የወረዱት ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑብኝ። አንድ መቶ ሃምሳ አራቱ ከሰሉን ለማናፈስ ብቻ ይዘውት ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ ነጫጭ ፍየሎቻችን ግን ማታ ማታ ጠቁረው ነው የሚገቡት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አቆጣጠሩን እንለዋወጥ። እኛ አርቢዎች እንደ ኩባንያው እንስሶቻችንን ራሳችን በደብዳቤ እናስታውቅ። ጎንችግ ደግሞ መንገዱ ዳር ይቀመጥ፤ ሻዩን እኔ አመላልስለታለሁ። እኛ ዘንድ ያሳየውን ትጋት እዚያም ካሳየ፣ ገና ሊጭኑ ያሰቡትን መኪናዎች እንኳ አይረሳም፤ ያኔ የሰው ድርሻ መቀነሱ ቀርቶ ሊጨመር ይችላል፣ የእህቴም መድኃኒት አይቋረጥም።

ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ነው ስለው ባለቤቴ ሦስት ቀን አኩርፎኝ ነበር። ትናንት ግራጫውን ሲያጠጣ ብዙ ቆይቶ ገባና፣ “በቃ ጻፊው” አለኝ። ከዚያ፣ “ግን ሰባት መቶ በይልኝ” አለ። እኔ ግን ስድስት መቶ አሥራ አንድ ብያለሁ። አርባ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ሜዳሊያውን ያጠለቀ ዕለት እንኳ የትናንቱን ያህል አልኮራሁበትም።

የምንለምነው የሌሉት ፍየሎች ከሐሙስ በፊት ከመዝገቡ እንዲሰረዙ ነው። ለጤናዎ ብርታትን፣ ለመኪናዎ ጥሩ ጎማን፣ ለዓይንዎም እስከ ከሰሉ መንገድ ድረስ አሻግሮ የሚያይ ኃይልን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪዎ ዱላምሱረን
የወረዳው ፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ የባለ ስድስት መቶ አሥራ አንዱ አርቢ ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሜዳሊያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ ይገኛል፤ ከደረቱ የነቀለው ባለቤቴ ራሱ ነው። እርስዎም ያኔ ምክትል እንደነበሩ፣ “ወረዳውን ለባለ ሺህ አርቢ ያበቁ” ተብለው በወሩ አሁን ባሉበት ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እናስታውሳለን። እኛ የእኛን መልሰናል። ወንበር በፖስታ እንደማይላክ ከሥራዬ ስለማውቅ ላስቸግርዎ አልፈልግም፤ ደጃፍ ላይ ብቻ ያውጡት፣ ሐሙስ ባለቤቴ በፈረሱ መጥቶ ይወስደዋል።